የደሴው ፕሮግራም ኮምቦልቻና ወልድያ ሲሻገር፦ ኤምቪሲ፣ ኤምቪፒ ወይስ ኤምቪቪኤም?

ጥያቄው

«ደሴ ፒያሳ ላለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በሲ ሻርፕ ቋንቋ፣ በዊንፎርምስ (የዊንዶውስ ፕሮግራም ስክሪን መሥሪያ) የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራም ሠርቼላቸዋለሁ። ዳታቤዙ ኤስኪውኤል ሰርቨር ነው። እስካሁን ምንም አላስቸገረም። አሁን ባለቤቱ ሐጂ ኮምቦልቻና ወልድያ ቅርንጫፍ ከፍተዋል። ሦስቱንም ሱቅ ከስልካቸው ማየት ስለፈለጉ ወደ ዌብ ቀይረው ብለውኛል። ጓደኞቼ ኤምቪሲ ተጠቀም ይሉኛል። ግቢ ስንማር ግን ኤምቪሲ የተነገረን የዴስክቶፕ ነው ተብሎ ነው። ሌላው ደግሞ ኤምቪቪኤም ይሻላል ይላል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ያለኝን ኮድ ወደ ዌብ መገልበጥ እችላለሁ? ኔትወርክ ሲጠፋስ ምን ይኮናል?»

መልሱ

አብሽር ወንድሜ፣ የደከምክበት ሥራ ገደል አይገባም። አጭሩ መልስ ይኸውልህ። የሒሳቡና የስቶኩ ኮድ ወደ ዌብ ይሻገራል። የፎርሙ ኮድ አይሻገርም፤ ጎትተህ ብታሻግረውም መከራህን ነው የሚያሳይህ። ካሸሮቹን ደግሞ ከዴስክቶፕ ማውረድ ያለብህ አይመስለኝም። ወደ ዌብ መውጣት ያለበት ሐጂ የሚያዩት ነገር ነው። ምክንያቱን ከሥሩ ላስረዳህ።

ኤምቪሲ፣ ኤምቪፒና ኤምቪቪኤም ሦስቱም የፕሮግራምን ኮድ የማደራጃ መንገዶች ናቸው። ስሞቹን ለጊዜው ተዋቸውና አንድ ነገር አስብ። ካሸሯ ለአንድ ደንበኛ አምስት ኩንታል ሲሚንቶና ሃያ ቆርቆሮ መርጣለች። ገና ብር አልተቀበለችም። በዚያች ደቂቃ ይህ መረጃ የት ነው ያለው?

ባንተ ፕሮግራም ፎርሙ ውስጥ ነው፤ በኮምፒውተሩ ሚሞሪ ላይ። ፎርሙ ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ሱቅ ሲዘጋ ይዘጋል። እስከዚያ ድረስ ሁሉን ያስታውሳል። ማን ሎግኢን እንዳደረገ፣ የቱ ዕቃ እንደተመረጠ፣ ከርሰሩ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለ ሳይቀር ያውቃል። ስክሪኑም ዳታውም አንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው።

ዌብ ላይ እንዲህ የለም። ብሮውዘሩ ጥያቄ ይልካል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ አለቀ። ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ ሰርቨሩ የመጀመሪያውን አያስታውስም። ኤችቲቲፒ፣ ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ከጥንቱ የተሠራው እንዲህ ተደርጎ ነው። ቲም በርነርስ ሊ በ1989 ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ውስጥ ዌብን ሲያቅድ ሐሳቡ የተመራማሪዎችን ሰነድ ማገናኘት ነበር። ሰነድ አንብቦ ለሚሄድ ሰው ማስታወሻ መያዝ ማን ይፈልጋል? የሰፈርህ ባለሱቅ ያውቅሃል፤ «የትናንቱ ላይ ጨምርልኝ» ብትለው ይገባዋል። ባቲ ሰኞ ገበያ ወርደህ ስትገዛ ግን ሻጩ ማን እንደሆንክ አያውቅም። የሚያውቀው ይዘህ የመጣኸውን ብቻ ነው። ሰርቨርም እንደዚያው ነው። ስለዚህ በ1994 ኔትስኬፕ ውስጥ ሉ ሞንቱሊ ኩኪን ሠራ፤ ብሮውዘሩ በየጥያቄው ይዞት የሚመጣ ትንሽ መለያ። ሴሽን የምንለው፣ ተጠቃሚውን ከጥያቄ ወደ ጥያቄ የማስታወስ ነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

እንግዲህ አርክቴክቸር፣ ማለትም የፕሮግራሙን አጠቃላይ አደረጃጀት፣ ስትመርጥ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህን ነው፦ መረጃው የት ነው የሚቀመጠው? ስክሪኑስ ከእሱ ምን ያህል ይርቃል? ስሞቹ ከዚህ በኋላ ራሳቸው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ይህ ልዩነት ኮድ ላይ ምን ዓይነት ጉድ እንደሚያመጣ አንድ ምሳሌ ላሳይህ። ብዙ የዊንፎርምስ ፕሮግራም ውስጥ «የገባው ተጠቃሚ» የሚባል ስታቲክ ቫሪያብል አለ፤ ለፕሮግራሙ ሁሉ አንድ ብቻ የሆነ ማስቀመጫ ማለት ነው። ሎግኢን ላይ ይሞላል፤ ሌላው ፎርም ሁሉ ከእሱ ያነባል። ዴስክቶፕ ላይ ምንም ችግር የለበትም። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሰው ነው። ያንኑ ኮድ ሰርቨር ላይ ስታስቀምጠው ግን ስታቲክ የሆነው ነገር ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ አንድ ይሆናል። የወልድያዋ ካሸር ጠዋት 2፡30 ገባች። የኮምቦልቻው ልጅ 2፡31 ገባ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወልድያ ላይ የሚሸጠው ሁሉ በኮምቦልቻው ልጅ ስም ይመዘገባል። ኤረር አይወጣም። ፕሮግራሙ አይቆምም። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ነው ጉዱ የሚፈላው። አንድ ንጹሕ ሰው በሌባነት ሊጠረጠር ይችላል። ይህ የሰው እንጀራ ላይ የሚመጣ ስህተት ነው። ስለዚህ ከምንም በፊት ኮድህን ክፈትና ስታቲክ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትሽ። የማይለወጥ ነገር ከሆነ እንዳለ ይቆይ። ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ሽያጭ የሚያወራ ከሆነ ግን ለሚፈልገው ሜተድ በግልጽ የሚተላለፍ አድርገው።

ስሞቹና የመጡበት

አሁን ወደ ስሞቹ እንምጣ። ጓደኞችህም ልክ ናቸው፣ ግቢ ያስተማሩህም ልክ ናቸው። የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራልህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ኤምቪሲን ያመጣው ኖርዌያዊው ትሪግቭ ሪንስካውግ ነው። በ1979 ካሊፎርኒያ ዜሮክስ ፓርክ የሚባል የምርምር ማዕከል ለሥራ በሄደበት፣ ስሞልቶክ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ላይ። ያኔ ዌብ የሚባል ነገር የለም። ሞዴሉ ዳታውን ይይዛል። ቪው ያሳያል። ኮንትሮለር ከኪቦርድና ከማውስ የሚመጣውን ይቀበላል። ትልቁ ጥቅሙ ሞዴሉ ሲለወጥ ቪዎቹ ወዲያው መስማታቸው ነው። አንድ ቁጥር ስትቀይር ሠንጠረዡም ግራፉም አብረው ይቀየራሉ። ይህ የሚሆነው ግን ሁሉም አንድ ሚሞሪ ውስጥ ስላሉ ነው። ግቢ የነገሩህ ይህን ነው።

ኋላ ዊንዶውስና መሰሎቹ ያለቀለት በተን፣ ያለቀለት ቴክስት ቦክስ ይዘው መጡ። ቴክስት ቦክሱ የተጻፈበትን ፊደል ራሱ ይቀበላል፣ ራሱ ያሳያል። የድሮው ኮንትሮለር ሥራ ፈታ። የቀረው ጥያቄ «ሽጥ ሲጫን ምን ይደረግ?» የሚለው ነበር። ይህን ኤምቪፒ ለፕረዘንተር ሰጠው። የተሠራው አፕልና አይቢኤም በጋራ ባቋቋሙት ታሊጀንት ውስጥ ነው፤ ማይክ ፖቴል በ1996 ጽፎ አሳወቀው። በ2005 ደግሞ የማይክሮሶፍቱ ጆን ጎስማን ኤምቪቪኤምን ለደብሊውፒኤፍ፣ ለሌላው የማይክሮሶፍት የዴስክቶፕ ስክሪን መሥሪያ፣ አስተዋወቀ። እዚያ ቪውሞዴል የሚባለው ክላስ ስክሪኑ የሚያሳየውን ሁሉ ይይዛል፤ ስክሪኑ ደግሞ በባይንዲንግ ይከተለዋል። አንተ «ይህን ሌብል ቀይር» ብለህ አታዝም። ቪውሞዴሉ ላይ ያለው ቁጥር ሲቀየር ሌብሉ አብሮ ይቀየራል።

የዌቡ ኤምቪሲ ሌላ ነው። በ2000 ስትረትስ፣ በ2004 ሬይልስ፣ በ2009 ኤኤስፒ ዶት ኔት ኤምቪሲ የተባሉት የዌብ መሥሪያዎች ይዘውት የመጡት ይህኛውን ነው። ኮንትሮለሩ ማውስ አይጠብቅም። የኤችቲቲፒ ጥያቄ ይቀበላል፣ ሞዴሉን ያዛል፣ አንድ ገጽ ይመርጥና ይልካል፣ ከዚያ ይጠፋል። ለሚቀጥለው ጥያቄ አዲስ ኮንትሮለር ይፈጠራል። ሞዴሉም ለቪው «ተለውጫለሁ» ሊለው አይችልም። ቪው ከእጁ ወጥቶ ሐጂ ስልክ ላይ ደርሷል። በዌብሶኬት፣ ሳይዘጋ በሚቆይ መስመር፣ ማሳወቅ ይቻላል፤ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ እንደ ስሞልቶኩ አብሮ የተሰጠ አይደለም። ጓደኞችህ የሚያወሩት ስለዚህኛው ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ። በሪአክትና በመሰሎቹ የሚሠራው። ሪአክት በ2013 ነው ለሕዝብ የተለቀቀው። እዚህ ሰርቨሩ ገጽ ሠርቶ አይልክም፤ ዳታ ብቻ ይልካል። ስክሪኑን የሚሠራው ብሮውዘሩ ውስጥ የሚኖር ፕሮግራም ነው። መረጃው እንደገና ከስክሪኑ አጠገብ መጣ ማለት ነው። ባሕርዩ ከዌቡ ኤምቪሲ ይልቅ ወደ ዴስክቶፕ ያደላል። ደስ ይላል፣ ፈጣን ነው። ግን ሁለት ፕሮግራም ነው የምትጽፈው፤ አንዱ ብሮውዘር ውስጥ፣ አንዱ ሰርቨር ላይ። ለአንድ ሰው ይከብዳል። ሐጂ የዕለት ሽያጭና የቀረ ስቶክ ለማየት ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም።

ፎርሙን እንዳለ ለመገልበጥ ለሚያስብ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። ማይክሮሶፍት ራሱ ሞክሮታል። በ2002 ዌብ ፎርምስን ሲያወጣ ሐሳቡ የዴስክቶፕ ሰው ምንም ሳይቸገር ዌብ እንዲሠራ ነበር። በተን ትጎትታለህ፣ ደብል ክሊክ ታደርጋለህ፣ የክሊክ ሜተድ ትጽፋለህ። ልክ እንደ ዊንፎርምስ። ግን ሰርቨሩ እንደማያስታውስ ነግሬሃለሁ። ታዲያ ፎርሙ የነበረበትን ሁኔታ ማን ይያዘው? ቪውስቴት በሚባል ድብቅ ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ከገጹ ጋር ወደ ብሮውዘር ይሄዳል፤ በተን በተጫነ ቁጥር እንደገና ተጭኖ ወደ ሰርቨር ይመለሳል። ገጹ ላይ ትልቅ ግሪድ (ሠንጠረዥ) ካለ ይህ ድብቅ ሳጥን ከሚታየው ጽሑፍ ሊበልጥ ይችላል። ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ቦታ አንድ ክሊክ ምን ያህል እንደሚቆይ አንተው አስበው። ዴስክቶፕን አስመስሎ ዌብ ላይ መሥራት ዋጋው ይህ ነው።

«ሽጥ» የሚለው በተን ውስጥ

አሁን ወደ ራስህ ኮድ እንግባ። ዊንፎርምስ ላይ ብቻውን የሠራ ሰው ኮድ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። «ሽጥ» የሚለውን በተን ደብል ክሊክ ስታደርግ አንድ ሜተድ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ብዛቱ ከቴክስት ቦክስ ይነበባል። ባዶ ከሆነ መልእክት ይወጣል። በዋጋው ይባዛል፣ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል። ኮኔክሽን ይከፈታል፣ ሽያጩ ይገባል፣ ስቶክ ይቀነሳል። ደረሰኝ ይታተማል። ግሪዱ እንደገና ይሞላል። ሳጥኖቹ ባዶ ይደረጋሉ። ሁሉም አንድ ሜተድ ውስጥ ተጠላልፎ።

በእያንዳንዱ መስመር ላይ ቆመህ ይህን ጠይቅ፦ ስክሪን ባይኖር፣ ሐጂ ደውለው በቃል «ይህን ሽጥ» ቢሉኝ፣ ይህ መስመር ያስፈልጋል? ቫቱ ያስፈልጋል። ስቶክ መቀነሱ ያስፈልጋል። ካለው በላይ እንዳይሸጥ መከልከሉ ያስፈልጋል። ሳጥን ባዶ ማድረግ አያስፈልግም። የሚያስፈልጉትን ሰብስበህ «ሽያጭ መዝጋቢ» በሚባል ክላስ ውስጥ አስቀምጣቸው። ያ ክላስ ቴክስት ቦክስ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ማወቅ የለበትም። በቃልህ እንዳትተማመን ደግሞ በሌላ ፕሮጀክት፣ በክላስ ላይብረሪ ለየው። የዊንፎርምስን ሪፈረንስ አትስጠው። ያኔ ተሳስተህ ሜሴጅ ቦክስ ብትጠራ ኮምፓይለሩ ራሱ ይከለክልሃል።

ብር የምታሰላበትን የቁጥር ዓይነትም በዚሁ እይ። ዳብል (አስርዮሽን በግምት የሚይዝ) ከሆነ ወደ ዴሲማል (በትክክል የሚይዝ) ቀይረው፤ ሳንቲም በማይታይ መንገድ ትፈስብሃለች።

ፎርሙ ላይ የቀረውን በኤምቪፒ አደራጀው። ዊንፎርምስ ባይንዲንግ አለው፤ ግን ደብሊውፒኤፍ ላይ እንዳለው አይደለም። ኤምቪቪኤም እዚያ ላይ ስትሞክር ብዙ ኮድ የምትጽፈው መሣሪያው ያልሰጠህን ለማሟላት ይሆናል። ኤምቪቪኤም ለመጠቀም ብለህ ወደ ደብሊውፒኤፍ አትቀይር። ፎርምህ «ብዛቱ ይህ ነው፣ ዕቃው ይህ ነው፣ ይህን መልእክት አሳይ» የሚል አጭር ኢንተርፌስ ይኑረው። ፕረዘንተሩ በዚያ በኩል ይጠይቀዋል፣ ሽያጭ መዝጋቢውን ይጠራል፣ ውጤቱን መልሶ ለፎርሙ ይነግራል። አዲስ ፕሮግራም በደብሊውፒኤፍ ከዜሮ የምትጀምር ቢሆን ኖሮ መልሴ ኤምቪቪኤም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያው ሽያጭ መዝጋቢ ከዌብ ኮንትሮለርም ይጠራል። ኮንትሮለሩ አጭር ነው፦ ከጥያቄው አንብብ፣ መዝጋቢውን ጥራ፣ ወደ ውጤት ገጽ ምራ። «ምራ» ያልኩትን ልብ በል። ሽያጭ ከመዘገብክ በኋላ በዚያው ምላሽ ገጽ አትላክ። ብሮውዘሩን ወደ ሌላ አድራሻ ምራው፣ እዚያ ያንብብ። ካልሆነ ሰውዬው ገጹን ሪፍሬሽ ሲያደርግ ብሮውዘሩ ያንኑ ሽያጭ ደግሞ ሊልከው ይችላል። ዴስክቶፕ ላይ የዚህ ዓይነት ሐሳብ ኖሮህ አያውቅም፤ ሪፍሬሽ የሚባል ነገር የለማ።

ሌላም አለ። ዴስክቶፕ ላይ ዋጋው ከፎርሙ ሳጥን ቢነበብ ሳጥኑን ትቆልፈዋለህ፣ ሰላም ነው። ከብሮውዘር የመጣ ዋጋ ግን አይታመንም። ትንሽ የሚያውቅ ሰው የተቆለፈውን ሳጥን ከፍቶ የፈለገውን ይጽፍበታል። ሰርቨሩ የዕቃውን ቁጥርና ብዛቱን ብቻ ይቀበል፤ ዋጋውን ከዳታቤዝ ራሱ ያንሳ።

ቀኑን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛ አገር ላይ ብዙ ፕሮግራም የሚበላሸው በእሱ ነው። ካሸሯ ማየት ያለባት የኛን ቀን ነው፤ ጳጉሜም አለ፣ ሰዓቱም ከጠዋቱ 12 ይጀምራል። ይህ ግን የአቀራረብ ጉዳይ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ የሚገባው አንድ ዓይነት ዓለም አቀፍ ጊዜ ይሁን፤ ወደ ኛ አቆጣጠር የሚቀይረው ፕረዘንተሩ ወይም የዌቡ ገጽ ይሁን። «ጳጉሜ 3» ብለህ በጽሑፍ ብታስቀምጠው፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያለውን ሽያጭ አውጣ ስትባል ትጨነቃለህ። ሕጉን ከማሳያው መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

አንድ ስቶክ፣ ሁለት ካሸር

መጋዘን ውስጥ 40 ባለ 12 ብረት አለ እንበል። የደሴዋ ካሸር ስክሪን ላይ 40 ይላል። የኮምቦልቻው ላይም 40 ይላል። ደሴ 30 ሸጠች። ኮምቦልቻ በዚያው ቅጽበት 25 ሸጠ። ኮዱ ያነበበውን 40 ይዞ፣ ቀንሶ፣ መልሶ የሚጽፍ ከሆነ መጨረሻ የጻፈው ያሸንፋል። ኮምቦልቻ መጨረሻ ከጻፈ ዳታቤዙ 15 ይላል። 55 ብረት ተሽጦ 15 ብረት ተረፈ ማለት ነው፤ ያውም ከ40።

መድኃኒቱ ቁጥሩን አንብቦ አለመጻፍ ነው። ለዳታቤዙ በአንድ ትእዛዝ «ስቶኩ 25 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በ25 ቀንሰው» በለው። ከዚያ ስንት ረድፍ እንደተነካ እይ። ዜሮ ከሆነ ዕቃው አልበቃም፤ ሽያጩን ሰርዝና ለካሸሩ ንገረው። ሽያጩ መመዝገቡና ስቶኩ መቀነሱ አንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይሁኑ። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ወይ ሁለቱም ይኖራሉ፣ ወይ ሁለቱም አይኖሩም።

ይህን ችግር የሚያመጣው ዌብ አይደለም። ደሴ ላይ ሁለተኛ ኮምፒውተር ብትጨምር ኖሮም ይመጣ ነበር። እስካሁን ያልታየህ ካሸሩ አንድ ስለሆነ ብቻ ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋ

ጥያቄህ ውስጥ ትልቁ ይኸኛው ነው። አርክቴክቸሩን የሚወስነውም እሱ ነው።

ሁሉን ወደ ዌብ ካወጣኸው፣ ወልድያ ላይ ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር ሱቁ አይሸጥም። ደንበኛው ቆሞ አይጠብቅህም፤ ጎን ካለው መደብር ገዝቶ ይሄዳል። ሌላም ምክንያት አለ። ደረሰኝ ማተሚያውና ካሽ ሬጅስተሩ ያሉት ካሸሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዴስክቶፕ ፕሮግራም ከእነሱ ጋር በቀጥታ ያወራል። ብሮውዘር ለደኅንነት ሲባል ከማሽኑ ዕቃዎች ተለይቶ የሚሠራ ስለሆነ ይህ ይከብደዋል።

ብሮውዘር ውስጥ ዳታ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ኢንዴክስድ ዲቢ አለ፣ ያለ ኔትወርክ ገጽ የሚከፍት ሰርቪስ ወርከርም አለ። ለማንበቢያ እሺ። የሽያጭ ብር የያዘ መዝገብ ግን በእሱ ላይ ብቻ አልጥልም። አንድ ሰው የብሮውዘሩን ዳታ ካጸዳ ሽያጩ አብሮ ይሄዳል። ዲስኩ ሲሞላም ብሮውዘሩ ራሱ ሊያጠፋው ይችላል።

ስለዚህ እኔ ብሆን የማደርገው ይህን ነው። ሦስቱም ሱቅ ላይ ዊንፎርምሱ ይቀጥላል፤ እያንዳንዱም የራሱ ዳታቤዝ ይኖረዋል። ያለህ ኤስኪውኤል ሰርቨር ይበቃል፤ ኮምፒውተሩ አቅም ካነሰው ቀለል ያለው ዳታቤዝ፣ ኤስኪውኤላይት፣ ይሆናል። ሽያጭ መጀመሪያ እዚያው ይመዘገባል። አንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ይኖራል፤ ከፊቱም ኤፒአይ፣ ከሱቆቹ የሚላከውን ተቀብሎ ለዳታቤዙ የሚያደርስ በር። ሱቆቹ ኔትወርክ ባገኙ ቁጥር ያልተላከውን ይልካሉ። ሐጂ የሚያዩት ደግሞ ከማዕከሉ የሚያነብ የዌብ ኤምቪሲ ገጽ ነው፤ ሰርቨሩ ሠርቶ የሚልከው፣ ቀላል፣ በደካማ ኔትወርክም ቶሎ የሚከፈት። ገጹ አናት ላይ «ወልድያ መጨረሻ የላከው በዚህ ሰዓት ነው» የሚል መስመር ይኑር። አለበለዚያ ሐጂ ዝቅ ያለ ሽያጭ አይተው ያለ ጥፋቷ የወልድያዋን ካሸር ይቆጣሉ።

የሱቆቹን ፕሮግራም ከማዕከሉ ዳታቤዝ ጋር በቀጥታ ለማገናኘት ብለህ ፖርት 1433ን፣ የኤስኪውኤል ሰርቨርን መግቢያ፣ ለኢንተርኔት አትክፈት። ይህን አደራ እላለሁ። የዳታቤዙ ፓስወርድ የሚቀመጠው ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ይሆናል፤ የዶት ኔት ፕሮግራም ደግሞ ተፈትቶ ይነበባል። ኤፒአዩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አላላኩ ላይ ሁለት ነገር ጠብቅ። የመጀመሪያው፣ የቀረውን ስቶክ አትላክ፤ የሆነውን ነገር ላክ። «ሲሚንቶ 30 ቀርቷል» ሳይሆን «ሲሚንቶ 10 ተሸጧል»። የቀረውን የምትልክ ከሆነ ዘግይቶ የደረሰ የጠዋት መልእክት የከሰዓቱን ይደመስሰዋል። የሆነውን የምትልክ ከሆነ ግን የትኛውም ቀድሞ ቢደርስ ድምሩ አንድ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ረቀቅ ይላል። ሱቁ ሽያጩን ላከ። ማዕከሉ ተቀበለ፣ መዘገበ፣ «ደርሶኛል» ብሎ መለሰ። መልሱ በመንገድ ላይ ሳለ ኔትወርክ ጠፋ። ሱቁ አልደረሰም ብሎ ያስባል፣ እንደገና ይልካል። ካልተጠነቀቅክ አንድ ሽያጭ ሁለት ሆነ። ይህ አልፎ አልፎ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ቦታ ላይ የዘወትር ነገር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሽያጭ ሱቁ ውስጥ ገና ሲፈጠር የማይደገም መለያ፣ ጂዩአይዲ፣ ይሰጠው። ማዕከሉ ያንን ዓምድ ዩኒክ (ድግግሞሽ የማይቀበል) ያድርገው። ያው መለያ ሁለተኛ ሲመጣ ማዕከሉ ኤረር አይመልስ፤ «ደርሶኛል» ብቻ ይበል። ሱቁም «ተልኳል» የሚል ምልክት የሚያደርገው ያንን መልስ ሲያገኝ ብቻ ይሁን።

ይህ አካሄድ ዋጋም አለው። ኔትወርክ ሳይኖር የጋራ መጋዘን ላይ መሸጥ አይቻልም፤ ቅድም ያየነው የ40 ብረት ችግር ይመለሳል፣ አሁን ደግሞ የሚያስቆመው ዳታቤዝ የለም። ስለዚህ ሱቁ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሸጠው እዚያው በእጁ ያለውን ብቻ ይሁን። ከደሴ መጋዘን ማዘዝ የሚቻለው ኔትወርክ ሲኖር ብቻ ነው። ይህን ሐጂን ሳትጠይቅ አትወስን። የንግድ ሕግ ነው፤ የኮድ ሕግ አይደለም። ምናልባት «ይሸጥ፣ ከጎደለ እኛ እናሟላለን» ሊሉህም ይችላሉ፤ ያኔ ስቶክ ከዜሮ በታች እንዲወርድ ትፈቅድና ሪፖርቱ ላይ በቀይ ታሳያለህ።

መጀመሪያ የበተኑን ሜተድ ከፍለህ ደሴ ላይ ብቻ ለጥቂት ሳምንት አሠራው። ካሸሯ ምንም ለውጥ ካላየች በትክክል ከፍለኸዋል። ከዚያ ኤፒአዩንና የሐጂን ገጽ ጨምር። ወልድያ ከመሄድህ በፊት ግን ቤትህ ቁጭ ብለህ ይህን ሞክር፦ ሽያጭ ላክ፣ ማዕከሉ መዝግቦ ገና ሳይመልስ የኔትወርክ ገመዱን ንቀል፣ መልሰህ ሰካ፣ ፕሮግራሙ እንደገና እንዲልክ ተው። ከዚያ የማዕከሉን ዳታቤዝ ክፈት። የዚያ ሽያጭ ረድፍ አንድ ብቻ ከሆነ ለኮምቦልቻም ለወልድያም ዝግጁ ነህ። ሁለት ከሆነ ጂዩአይዲው የሚፈጠርበትን መስመር እይ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ መለያው ሽያጩ ሲፈጠር ሳይሆን ሲላክ መሰጠቱ ነው።